የሕፃን ራስ ጉዳትና ምልክቱ የሚታይበት ጊዜ



በቂርቆስና በካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶች የምትሠራ እናት የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ጨቅላ ልጇን በሰው እጅ ትታ ትውላለች። ማታ ስትመለስ ሕፃኑ ያለ ትኩሳትና ያለ ተቅማጥ ቢያስመልሰው፣ ጡት እንቢ ቢል፣ ከልክ በላይ ቢያንቀላፋ፣ እርግብግቢቱ ቢያብጥ ወይም ቢንዘፈዘፍ፣ የሆድ ሕመም ነው ብሎ ሳያሳድሩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

የሕፃን ራስ ከባድ፣ አንገቱም ደካማ ነውና፣ በቁጣ ሲነቀነቅ በአንጎሉና በራስ ቅሉ መካከል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። ይህንን የእንግሊዝ አገር ሐኪም ኖርማን ጉትኬልች በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ከውጭ ቁስል ላይታይ ይችላል። እሹሩሩ ማለት ግን ይህን ጉዳት አያመጣም።

ጉዳቱ ሲከብድ ምልክቱ ወዲያውኑ ወይም ብዙ ሳይቆይ ይታያል፤ ሲቀል ግን ለቀናት ሊሰወር ይችላል። የሰንበር ቀለምም ሰዓቱን በትክክል አያስረዳም። ስለዚህ ሐኪሙ ሕፃኑ ደኅና ሆኖ መጨረሻ የታየው መቼ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ እውነቱን ሳይሸሽጉ መናገር ያስፈልጋል። ያው ምልክት ከሌላ ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል፣ ከምርመራ በፊት ሞግዚቷን መወንጀል አይገባም።

የሕፃን ልቅሶ በሁለተኛው ወር ገደማ ይበረታል። ልቅሶው ያማረረው ሰው፣ ወላጅም ቢሆን፣ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ቁጣው እስኪበርድ ጥቂት ፈቀቅ ይበል።