በራሷ ጣት

በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ማርቆስ ጠዋት ውርጭ ነው። ለሌላው ሰው ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ቢሆን ነው፤ እኔ ለማስተምራቸው ልጆች ግን ጣት ሲደነዝዝ መጽሐፍ ተዘጋ ማለት ነው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ብሬል የሚያነቡት በጣታቸው ጫፍ ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት እጃቸውን እያፋተጉ፣ በትንፋሻቸው እያሞቁ አገኛቸዋለሁ። ከእነዚህ ልጆች ስለ አንዲቱ ልጻፍ። ስሟን አላነሳም።

ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካለ ቀበሌ ስትመጣ 13 ዓመቷ ነበር። እናቷ የእጇን አንጓ ጨብጠው እስከ ክፍሉ ወንበር ድረስ አደረሷት። ልጅቷ ቤት ውስጥ ውኃ ቀድታ፣ እሳት አንድዳ አታውቅም። እንጀራ እንኳ እያጎረሷት ነው ያደገችው። ለምትጠየቀው ሁሉ መልሷ “አላውቅም” ነበር፤ ብዙ ጊዜም እናቷ ቀድመው ይመልሱላታል። ሲሰናበቱኝ “ልጄ ምስኪን ናት እህቴ፣ አደራ፣ አታስጨንቂብኝ” አሉኝ። አደራቸውን ተቀበልሁ። ስህተቴም የጀመረው ከዚያ ነው።

ብሬል ከባድ ትምህርት ነው። መሠረቱ 6 ነጥብ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። ከእነዚህ 6 ነጥቦች የሚወጣው ቅርጽ 63 ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ዓይናማው በአንድ ምልክት የሚጽፈውን “ማ” ዓይነ ስውሩ በሁለት ምልክት ይጽፈዋል። በዚህ ላይ ወፍራሙን ወረቀት በመጻፊያው ሰሌዳ አጣብቆ ነጥቡን ሲወጋ የሚጀምረው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ጉብታው የሚወጣው በወረቀቱ ጀርባ ነውና፣ ለማንበብ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሚጻፈው ፊደል ሁሉ ተገልብጦ መታሰብ አለበት። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አእምሮ ነው፤ የሚያረጋግጠው ጣት ነው።

ልጅቷ በመጀመሪያው ወር ብዙ ጊዜ አለቀሰች። እኔም አዘንሁና ማስታወሻዋን እየጻፍሁ ሰጠኋት። ሌሎቹ አንድ ገጽ ሲጽፉ እሷን በሦስት መስመር አሰናበትኋት። ፈተናዋንም በቃል አደረግሁላት። ልጅቷ ማልቀሱን አቆመች፤ “አላውቅም” ማለቷን ግን አላቆመችም። እኔ የእናቷን እጅ ተክቼ አንጓዋን ጨብጬ መያዜን ያኔ አላስተዋልሁም።

ከገና ዕረፍት ስትመለስ ከነጠላዋ ጫፍ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የመጻፊያው ሰሌዳ ከክፍሉ ስለማይወጣ ቤቷ አልነበራትም። እናቷ ስንደዶና አክርማ ይዘው ስፌት የሚሰፉበትን ወስፌ ወስዳ፣ ወረቀቱን በትራስ ላይ ዘርግታ ወግታዋለች። ነጥቦቹ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው፤ መስመሩ እንደ ገደላገደል መንገድ ይወጣል፣ ይወርዳል። በሁለት ቦታ ወረቀቱ ተቀዷል። ሦስት ፊደል ግን በትክክል ወጥቷል፦ “እማየ”። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልመራትም። “ቲቸር፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔን እኔ ልጻፈው” አለችኝ።

ወስፌው ሌላ ታሪክ አስታወሰኝ። ይህን ጽሕፈት የፈጠረው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ተወለደ። በ3 ዓመቱ በቆዳ ሠራተኛ አባቱ የሥራ ቦታ ውስጥ ዓይኑን የወጋው እንዲህ ያለ ወስፌ ነበር። በኋላም ዓይነ ስውራን የሚያነቡበትን ጽሕፈት በሹል መውጊያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1829 አሳተመ። ይህን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና “እማየ ወስፌውን የምትደብቅብኝ ይወጋሻል ብላ ነበር” አለች።

ከዚያ በኋላ አላቀለልሁላትም። በብሬል የተሳሳተ ነጥብ በጥፍር ተደፍጥጦ ይጠፋል፤ ከዚያ እንደገና ይወጋል። አንድ ቀን አንቀጽ እያነበበች ሳለ ጣቷ ድንገት ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አንዲቱን ነጥብ ዳሰሰ። “ቆዩ፣ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ” አለች። “አላውቅም” ትል የነበረች ልጅ የት እንደተሳሳተች አወቀች። ለእኔ የዚያ ዓመት ትልቁ ውጤት ይህ ነው። ስህተቱን ራሱ አግኝቶ ራሱ የሚያርም ሰው ሌሎች እንዲመልሱለት አይጠብቅም። በዓመቱ መጨረሻ ዱላዋን ይዛ ከመናኸሪያው እስከ ትምህርት ቤቱ ብቻዋን ትመጣ ጀመር። እናቷ በእሷ ፈንታ ሲመልሱም “እማየ፣ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ” አለች፤ በትሕትና፣ ግን ሳትፈራ።

የጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን እናውቃለንና። በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡት እኒህ ሴት የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው ቅኔ ተምረው፣ በጽላሎ ወንዶች ተማሪዎችን ያስተማሩ መምህርት ሆነዋል። ቅኔ በጆሮ የሚገባ፣ በልብ የሚቆጠር ትምህርት ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይዞ፣ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ መወድስ ይዘልቃል፤ ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ያልሰመረ እንደሆነ ይታረማል። መወድስ ለማንም 8 ቤት ነው። ለዓይነ ስውር ተብሎ በ7 ቤት የሚዘጋ መወድስ የለም። እማሆይን መምህርት ያሰኛቸው ሙሉውን መቻላቸው ነው፤ ክብራቸውም ከዚያ የመጣ እንጂ ከሰው ርኅራኄ አይደለም።

በእኛ ዘመንም የትነበርሽ ንጉሤ አለች። በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ የሕግ ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆነች። በ2010 ዓ.ም. “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ዓይነ ስውርነቷ በልጅነቷ ከመዳር እንዳተረፋትና የትምህርትን በር እንደከፈተላት ራሷ ትናገራለች።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ለዓይነ ስውር ልጅ ማዘን አይከፋም። ኀዘናችን ግን ሥራዋን ከእጇ የሚነጥቅ ከሆነ ልጅነቷን እናረዝምባታለን እንጂ አልረዳናትም። የሚያስፈልጋትን ወረቀትና መጻፊያ እናሟላላት፤ ጊዜ እንስጣት፤ ስትሳሳት አጠገቧ እንሁን። የምትጽፈውን ግን ራሷ ትጻፈው። በቤታችሁ ዓይነ ስውር ልጅ ካለች ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ትምህርት ቤት አምጧት፤ ከበሩ ስትደርሱም አንጓዋን ልቀቁላት።