በዐሥር ክፍለ ጊዜ የማያርፍ ልብ

እናትና አባት ሆይ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃችሁ በራት ሰዓት ዝም ማለት ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው? “ምን ሆነሃል?” ስትሉት “ምንም” ይላል፤ ስልኩን ይዞ ክፍሉን ይዘጋል። “የዕድሜው ነገር ነው” ብላችሁ ብታልፉትም ልባችሁ አያርፍም።

እንዲህ ላሉ ልጆች በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች የወደዱት አንድ ትምህርት አለ፤ ማይንድፉልነስ ይባላል። ልጁ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ይቀመጥና ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ልብ ይላል። “ነገ ፈተና እወድቃለሁ” የሚል ሐሳብ ሲመጣበት አይታገለውም፣ ተከትሎትም አይነጉድም፤ “ይህ ሐሳብ ነው” ብሎ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። የዛሬውን መልክ ያስያዘው አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕሙማን ጀመረው። ልምምዱን የወሰደው ከቡድሂዝም ተመስጦ ሲሆን ሃይማኖታዊውን ክፍል ትቶታል። ስለዚህ ምእመን ወላጅ “ልጄን በትክክል ምን ታስለምዱታላችሁ? ካልፈለገስ መቅረት ይችላል?” ብሎ ትምህርት ቤቱን ቢጠይቅ አያስወቅሰውም። ዛሬ የማነሣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለመሆኑ ልጆቹን ይረዳቸዋልን?

በእንግሊዝ አገር ይህን ለመመርመር ማይሪያድ የተባለ ትልቅ ጥናት ተደርጓል፤ የመሩት የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ቪለም ካይከን ናቸው። ከ80 በላይ ትምህርት ቤቶችና ከ8 ሺህ በላይ ተማሪዎች ገቡበት፤ ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 13 ነበር። መምህራኑ በመጀመሪያ ለራሳቸው ተለማመዱ፣ ከዚያ ማስተማሩን ሠለጠኑ፣ ከዚያም ለልጆቹ 10 ክፍለ ጊዜ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ ብዙዎችን አሳዘነ። ከዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች የተለመደውን ትምህርት ብቻ ከተማሩት እኩዮቻቸው የተሻለ የአእምሮ ጤና አልታየባቸውም። እንዲያውም ቀድሞውኑ በጭንቀትና በድባቴ ይቸገሩ ከነበሩት መካከል ጥቂት የባሰባቸው ነበሩ።

ምክንያቱን ስትመረምሩ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። አብዛኞቹ ልጆች ቤት ሲገቡ አልተለማመዱትም! ፒያኖ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነክቶ የሚጫወት ማን አለ? ደግሞም ልጆቹ ፈልገው የመጡ አይደሉም፤ ለክፍሉ ሁሉ የተሰጠ ትምህርት ነበር። የ12 ዓመት ልጅን “አሁን ዐይንህን ጨፍንና ተረጋጋ” ብሎ ማዘዝ፣ ያውም ጓደኞቹ እየሳቁ፣ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እናንተው ፍረዱ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ከሥልጠናው በኋላ የመምህራኑ መታከትና መዛል ቀንሶ ነበር። ከዓመት በኋላ ደብዘዝ ቢልም፣ ፈልገው የገቡትና ለራሳቸው የተለማመዱት እነርሱ መሆናቸውን ልብ በሉ።

እንግዲህ ትምህርቱ እንዲረዳ የምትፈልጉ ወላጆችም ሆናችሁ የወጣቶች አገልጋዮች፣ ከልጆቹ ጋር ተቀምጣችሁ ምን እንደሚመቻቸው ጠይቁ። ቁጭ ማለት የማይሆንለት ልጅ እየተራመደ እርምጃውን ልብ ይበል። ክፉ ነገር የደረሰበት ልጅ ዐይኑን ሲጨፍን ያ ነገር ሊመጣበት ስለሚችል ዐይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ ይቀመጥ፤ ሲበቃውም ያቁም። ቤት ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ግን በየቀኑና ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ይሁን። እናንተ ስልካችሁን ሳታስቀምጡ እርሱን “አስቀምጥ” ብትሉት አይሰማችሁም።

ሕመም ላለበት ልጅ ግን ይህ ሁሉ ሕክምና አይደለም። እንቅልፉና ምግቡ ለሁለት ሳምንት ከተዛባ፣ ይወደው የነበረውን ከጠላ፣ ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት። “ባልኖርስ” የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ በግልጽ “ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?” ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት።