ፍርሃት ገበያ ሲወጣ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ጊደር መጋላ የወጣ አባወራ «ሰው ሁሉ እየገዛ ነው» ሲባል ደንግጦ የሚስቱን ወርቅ ሸጦ ዘይት ሊያከማች ይችላል።

ካህነማንና ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ 1000 ብር ማጣት የሚያሳምመን 1000 ብር ማግኘት ከሚያስደስተን ይበልጣል። ኪሳራን ስንሸሽ ወደ ባሰው የምንሮጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ ሌላው ባይገዛ ኖሮ እንገዛው ነበርን? ከቤተሰብ ጋር ተመካክረናልን? አንድ ሌሊት እንደር፤ ኢስቲኻራም እንስገድ። ዋጋ እስኪንር እህል መደበቅማ ኢሕቲካር ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አውግዘውታል። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ መረጋጋት ግን የእኛ ድርሻ ነው።