ጥንካሬ በአንድ ቁጥር አይነገርም፦ አምስት ተረቶችና እውነታቸው

ፌሮ ስንገዛ፣ ኮላ ስንመርጥ፣ ዕቃ በካርቶን አሽገን ስንልክ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ጠንካራ ነው?» ሻጩም «በጣም!» ይላል። በፍተሻ ላቦራቶሪ ግን ይህ ጥያቄ እንዲሁ መልስ አይሰጠውም። ባለሙያው መጀመሪያ «ሲጎተት ነው፣ ሲጫን ነው፣ ሲላጥ ነው ወይስ ሲመታ?» ይላል። አንዱን የቻለ ነገር በሌላው ሊሸነፍ ይችላል። ይህን አለማወቅ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ሲከፋም ሕይወት።

ተረት 1፦ የማይለጠጥ ብረት ከሁሉም ይበልጣል።

እውነታው፦ በመጎተት ፍተሻ የፌሮ ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ በማሽን መንጋጋ ይያዝና ቀስ እያለ ይሳባል። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ቢለቀው ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። አንድ ወሰን ካለፈ በኋላ ግን ቢለቀቅም አይመለስም። ጉተታው ሲቀጥል አንድ ቦታ ላይ እየቀጠነ አንገት ያወጣል፤ በመጨረሻም በኃይለኛ ድምፅ ይበጠሳል። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ፌሮ ወሰኑ 400 ሜጋፓስካል (በስፋት ላይ የሚያርፍ ጉልበት መለኪያ) ከሆነ፣ እዚያ ለማድረስ 4.6 ቶን ገደማ ያስፈልጋል። እኩል ትኩረት የሚሰጠው ሌላው ውጤት፣ ፌሮው ከመበጠሱ በፊት ምን ያህል እንደረዘመ ነው። በሚለጠጥ ፌሮ የተሠራ ምሰሶና ወለል ከመውደቁ በፊት ተሰንጥቆና ጎብጦ ሰው እንዲሸሽ ጊዜ ይሰጣል፤ የማይለጠጥ ፌሮ ይህን ጊዜ ይነፍጋል።

ቀስ ተብሎ ሲጎተት የሚለጠጥ ብረትም ቢሆን በብርድ ጊዜ እንደ ብርጭቆ ሊሰበር ይችላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 1943 በአሜሪካ ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ወደብ ላይ ቆማ የነበረችው ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ፣ ማዕበል በሌለበት ውሃ ላይ ድንገት ተሰንጥቃ ለሁለት ልትከፈል ደረሰች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በብየዳ የተሠሩ ሌሎች መርከቦችም ተመሳሳይ ስብራት ደርሶባቸዋል። የካምብሪጇ ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር፣ ብረቱ ራሱ ከተወሰነ ሙቀት በታች ተሰባሪ እንደሚሆን አሳዩ። ይህን ባሕርይ የሚያጋልጠው በፈረንሳዊው ጆርጅ ሻርፒ ስም የሚጠራው የምት ፍተሻ ነው። ከባድ ፔንዱለም ከከፍታ ተለቅቆ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ቁርጥ የተበጀለትን ናሙና ይመታል። ሰብሮ ካለፈ በኋላ የሚወጣበት ከፍታ ባነሰ መጠን ብረቱ ብዙ ኃይል ውጧል ማለት ነው።

ተረት 2፦ ኮንክሪት ሁሉን ይችላል፤ ውሃ ቢበዛበትም ሲደርቅ ይጠነክራል።

እውነታው፦ ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲጎትቱት ደካማ ነው። ጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ በ28ኛው ቀን ተፈትሾ 25 ሜጋፓስካል ላይ ቢሰበር፣ 57 ቶን ገደማ ተሸክሟል። የመጎተት አቅሙ ግን የመጫን አቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ፌሮ የሚገባበትም ለዚህ ነው። የሚጠነክረውም በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ውህደት ነው። ስለዚህ ከተሞላ በኋላ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው። ሲቦካ ሥራ እንዲቀል ተብሎ የሚጨመረው ትርፍ ውሃ ግን ባዶ ቀዳዳዎች ትቶ ጥንካሬውን ይቀንሳል።

ተረት 3፦ ጥሩ ማጣበቂያ በየትም ቢስቡት አይለቅም፤ በብዛት ሲቀባ ደግሞ ይበልጥ ይይዛል።

እውነታው፦ ሁለት ቀጫጭን ላሜራዎች በጫፋቸው ተደራርበው ይጣበቁና ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይሳቡ። የተጣበቀው ቦታ 3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንና በ15 ሜጋፓስካል ቢለቅ፣ ከ450 ኪሎ በላይ ተሸክሟል። ጉልበቱ በተጣበቀው ስፋት ላይ ስለሚከፋፈል ነው። ያንኑ ላሜራ ከአንድ ጫፍ አንስተው ሲልጡት ግን ጉልበቱ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ያርፋል፤ ያ መስመር ሲለቅ ቀጣዩ ይከተላል። የጫማ ሶል በየእርምጃው ስለሚታጠፍ ዋነኛ ጠላቱ ይህ መላጥ ነው። ሲደርቅ ግትር የሚሆነው ሱፐር ግሉ እዚህ ቶሎ ይከዳል፤ ተጣጣፊው ማስቲሽ ይሻላል።

ብዛቱም አይጠቅምም፤ ለአብዛኛው ማጣበቂያ ቀጭንና ወጥ ሆኖ መቀባት ይሻላል። ከተላቀቀ በኋላ ደግሞ ገጹን ማየት ያስፈልጋል። ማጣበቂያው ከመሃሉ ተቀድዶ በሁለቱም ወገን ከቀረ፣ ገጾቹን በሚገባ ይዟል። አንዱ ገጽ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ግን ብዙ ጊዜ ቅባት ወይም አቧራ ሳይጠረግ ተጣብቋል። በኮላ የተጣበቀው እንጨት ራሱ ተገንጥሎ ከወጣ ኮላው ከእንጨቱ በልጧል።

ተረት 4፦ ፍተሻ ላይ 300 ኪሎ የቻለ ካርቶን መጋዘን ውስጥም 300 ኪሎ ይችላል።

እውነታው፦ በፍተሻው ባዶ ካርቶን በሁለት ዝርግ ብረቶች መካከል ይቀመጥና እስኪጨማደድ ይጫናል፤ የሚፈጀውም ደቂቃዎች ነው። የላቦራቶሪው አየር 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 50 በመቶ እርጥበት እንዲሆን ይደረጋል። መጋዘን ውስጥ ግን ሸክሙ ለሳምንታት ይቆያል፤ ወረቀት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲጫኑት ቀስ በቀስ እጅ ይሰጣል። እርጥበትም አቅሙን በእጅጉ ይቀንሳል። ከዝዋይ አካባቢ ወደ ሆላንድ የሚላክ ጽጌረዳ በቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል ሲቆይ ካርቶኑ የሚያልፍበት ፈተና ይህ ነው። አደራደሩም ወሳኝ ነው። አብዛኛውን ሸክም የሚችሉት አራቱ ማዕዘኖች ስለሆኑ፣ ማዕዘን ከማዕዘን ሳይገጥም የተደረደረ ካርቶን ቶሎ ይደቅቃል። የማሸጊያ ባለሙያዎች የፍተሻውን ቁጥር ከሦስት እስከ አምስት ባለው ቁጥር የሚያካፍሉት ለዚህ ነው።

ተረት 5፦ አንዴ ወድቆ ዕቃው ካልተሰበረ እሽጉ አስተማማኝ ነው።

እውነታው፦ እሽግ በየት በኩል እንደሚወድቅ አስቀድሞ አይታወቅም። በስፋት በሚሠራበት፣ ኢስታ 1ኤ (ISTA 1A) በተባለው የእሽግ ፍተሻ አንድ እሽግ በንዝረት ጠረጴዛ ላይ ከተንቀጠቀጠ በኋላ አሥር ጊዜ ይጣላል፦ አንዴ በማዕዘኑ፣ ሦስቴ በጠርዙ፣ ስድስቴ በገጾቹ። ክብደቱ ከ9 ኪሎ በታች ከሆነ የሚጣለው ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው። አንዱን ገጽ ብቻ ጥሎ ማየት የቀሩትን ዘጠኝ ፈተናዎች መዝለል ነው።

እንግዲህ የፍተሻ ወረቀት ሲቀርብልን አራት ነገር እንጠይቅ። የተፈተሸው በምን ዓይነት ጉልበት ነው? በምን ሙቀትና እርጥበት? ለምን ያህል ጊዜ? ሲሰበርስ እንዴት ተሰበረ? የአራቱ መልስ ዕቃው ከሚውልበት ቦታ ጋር ካልገጠመ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የቱንም ያህል ቢገዝፍ ለእኛ ሥራ ዋስትና አይሆንም።