የቦዲ ጋሪ በዋልካ መሬት ላይ

ባለፈው ክረምት አንድ ዘመዴ በገንዳ ውኃ ከተማ በግቢው ያቆመውን አሮጌ ቮልስዋገን ለማደስ አስቦ ቦዲውን ከወለሉ ፈትቶ በአራት ባዶ በርሜሎች ላይ አሳርፎት ነበር። በሐምሌ ዝናቡ ሲጠና ከአራቱ በርሜሎች አንደኛው ቀስ በቀስ በዋልካው ውስጥ ሰመጠ፤ ማንም ልብ አላለውም። በመስከረም በሩን ለመግጠም ስንሞክር ግን ከላይ በኩል የጣት ያህል ክፍተት ሲኖረው ከታች በኩል ከምሰሶው ጋር ይጋጭ ጀመር። የመኪናው አካል ተጠምዟል ማለት ነው። ባትላሜራው በመዶሻና በክሪክ ሦስት ሳምንት ታግሎ በሩ እንዲዘጋ አደረገው፤ የፊት መስተዋቱ ግን እስካሁን በቦታው አልገባም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ ይኸው ነገር ነው። ቦዲውን በበርሜል ፈንታ በትክክል በተሠራ ጋሪ ላይ አሳርፈነው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልደረሰ ነበር። ጋሪው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ሁለት ዘንግ ቱቦላሬ፣ አራት አሮጌ ጎማና የአንድ በያጅ የሁለት ቀን ሥራ ይበቃዋል። ነገር ግን በውጭ አገር መጻሕፍት ላይ እንደሚታየው አድርጎ መሥራት ለመተማና ለአካባቢው ቆላ አይሆንም። ምክንያቱን ከዚህ በታች ለመግለጽ እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣሊያንኛ የተወረሰ መሆኑ ይታወቃል፤ ባትላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ የሚባሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። እነዚህን በአዲስ የአማርኛ ቃል ልተካ ብል ጽሑፉን የሚያነብ ባለሙያ ምን ማለቴ እንደሆነ አያውቅም፤ ስለዚህ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

የቦዲ ጋሪ ማለት የመኪናው አካል ከሻንሲው ተለይቶ ሲነሣ የሚያርፍበት፣ ከሥሩ ጎማ ያለው የብረት አልጋ ነው። ጥቅሙም ሁለት ነው። አንደኛው አካሉን ወደ ጥላም ወደ ብየዳውም ሥፍራ ለመግፋት ማስቻሉ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ደግሞ አካሉ በሻንሲው ላይ በነበረበት ቅርጽ ሳይጣመም እንዲቆይ መያዙ ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ብቻ ያስባሉ።

አሮጌ መኪና ማደስ የባለጠጎች ጨዋታ ይመስላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአገራችን ግን እንዲህ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም የግድ ሆኗል። ኤሌክትሪክ በየጊዜው በሚቋረጥበት የጠረፍ ከተማ ለሚኖር ሰው ደግሞ በቀላሉ የሚፈታና የሚገጠም አሮጌ መኪና አሁንም ዋጋ አለው። ቮልስዋገን ከነዚህ አንዱ ነው። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ጥንዚዛ መሳይ መኪና በሜክሲኮ አገር፣ በፑዌብላ ከተማ፣ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. እስከ ሠራበት ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ አምርቷል፤ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ጎዳና እስከ ዛሬ ትታያለች።

የቮልስ አሠራር ለጋሪ የተመቸ ነው። ወለሉ ራሱ ሻንሲ ነው፤ በመካከሉ እንደ ጀርባ አጥንት የሚሄድ ቦይ አለው፣ ጎማዎቹና ሞተሩም ከርሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቦዲው ከላይ እንደ ክዳን ተደፍቶ ዙሪያውን በብሎን ይታሰራል። ብሎኖቹ ሲፈቱ ቦዲው ባንድነት ይነሣል። ችግሩ በደጃፉ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው ባዶ የላሜራ ሳጥን ላይ ነው። ይህ ሳጥን የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚያመጣ የማሞቂያ ቦይ ነው፤ በመተማ ማሞቂያ የሚከፍት ሰው እስካሁን አላየሁም። ነገር ግን ሳጥኑ ማሞቂያ ብቻ ሳይሆን የቦዲው ወገብ ጭምር ነው። ጭቃና ውኃ ገብቶበት የሚዝገውም አስቀድሞ እርሱ ነው። እንግዲህ ወገቡ የዛገ ቦዲ ከወለሉ ሲለይ የሚይዘው ነገር የለውም፤ በአራት በርሜል ላይ ቢያርፍ እንደ እርጥብ ካርቶን ይታጠፋል።

አሁን ወደ ጋሪው እንመለስ። በመጻሕፍት የሚታየው ጋሪ አራት ማዕዘን ፍሬም ሆኖ በአራቱ ጫፍ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ትንንሽ ተሽከርካሪ ጎማዎች አሉት። ይህ የተሠራው ለሲሚንቶ ወለል ነው። የኛ ግቢ ወለል በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው እጅ የሚያስገባ፣ በክረምት አብጦ የሚያጣብቅ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዋልካ ያልሆነው ደግሞ ጠጠርና ድንጋይ ነው። የዚህ አገር መሬት ከባድ መሣሪያንም አይምርም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ስሊም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከመተማ ፊት ለፊት ያለውን የጋላባትን ምሽግ ባጠቃ ጊዜ፣ ከታንኮቹ አብዛኞቹን ያቆማቸው በመሬቱ ላይ ያለው ድንጋይና የተቀበረው ፈንጂ ነበር።

የጎማው ትልቅነት ምን ያህል እንደሚረዳ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ጋሪውና ቦዲው ባንድነት 300 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 75 ኪሎ ይደርሳል። ጎማው ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ቢገጥመውና በአግድም ብንገፋው፣ አጋማሽ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ጎማ ድንጋዩን ለመውጣት 100 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠይቃል። አጋማሽ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ግን 36 ኪሎ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ሰው ጠርቶ ማንሣትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን አንድ ጎልማሳ ብቻውን ይገፋዋል። ይህን መጠን የሚያሟላ ጎማ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ባጃጅ የሚጠቀምበት 4.00-8 የተባለው ጎማ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለባጃጅ ያለቀ ጎማ ለጋሪ ገና አዲስ ነው፤ ከነቸርኬውና ከነኩሽኔታው መግዛት ይሻላል።

ከጎማው ይልቅ የበለጠ የሚያሳስበው ግን የእግሩ ቍጥር ነው። ሦስት እግር ያለው በርጩማ በማናቸውም መሬት ላይ ሳይንገዳገድ እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል፤ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን አንዱ እግሩ ሥር ወረቀት ሳይታጠፍለት አይቆምም። ጠረጴዛው ቢወዛወዝ ጉዳት የለውም። አራት ጎማ ያለው ጋሪ ግን ከላዩ ወገቡ የዛገ ቦዲ ተሸክሟል፤ አንዱ ጎማ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ሸክሙ በሰያፍ በሁለት ጎማዎች ላይ ይወድቃል፣ ፍሬሙም ይጠመዘዛል፣ ከርሱ ጋር የታሰረው ቦዲም ይከተላል። በዘመዴ ቮልስ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በሰሊጥና በጥጥ እርሻ ላይ ነው። በቆላው የእርሻ ቦታዎች የሚሠሩትን ትራክተሮች የተመለከተ ሰው የፊት ጎማቸው ከአካሉ ጋር ድርቅ ብሎ እንዳልተያያዘ ያስተውላል። የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው አግዳሚ ብረት በመካከሉ በአንድ ወፍራም ብሎን ብቻ ተሰቅሎ እንደ ሚዛን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘነበላል። ስለዚህ ትራክተሩ አራት ጎማ ቢኖረውም የሚያርፈው በሦስት ነጥብ ነው። እኛም ጋሪውን እንዲሁ አደረግነው። የኋላው አግዳሚ ከፍሬሙ ጋር ይበየዳል። ከፊተኛው የፍሬም አግዳሚ ሥር ግን ሁለት ወፍራም የብረት ጆሮዎች ይበየዱና፣ ጎማዎቹን የያዘው አግዳሚ በመካከላቸው በ20 ሚሊ ሜትር ብሎን ይሰቀላል። ይህ አሠራር ሁለት ጉድለት አለው። ጋሪው እንደ ፈረስ ጋሪ ወዲያና ወዲህ አይታጠፍም፤ ለማዞር ፊቱን በአጣና ብድግ አድርጎ መጎተት ያስፈልጋል። በሦስት ነጥብ የቆመ ነገርም በአራት ከቆመው ይልቅ ወደ ጎን ለመውደቅ ይቀርባል፤ ስለዚህ አግዳሚው ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይዘነበል በግራና በቀኝ ማገጃ ብረት ሊበየድለት ይገባል፤ የቦዲው ክብደትም ወደ ኋላ ጎማዎች ቀረብ እንዲል ይደረጋል።

ለፍሬሙ 50 በ50፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ መረጥን። በገበያ የሚሸጠው በ6 ሜትር ዘንግ ነው። ሁለት ዘንግ ስንገዛ ለሁለቱ የ2.40 ሜትር ጎኖችና ለሦስት የ1.20 ሜትር አግዳሚዎች 8.40 ሜትር ወጣ፤ የተረፈው 3.60 ሜትር ለመሰቀያውና ለአጫጭር ምሰሶዎች ሆነ። ምሰሶዎቹ የሚቆሙበት ቦታ በግምት አይወሰንም። ቦዲው ገና በወለሉ ላይ ታስሮ ሳለ ከሥሩ ተኝቶ የብሎኖቹን ቀዳዳ ርቀት ሁሉ በረዥም ጣውላ ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው፤ ምሰሶዎቹም በዚያው ምልክት ላይ ይቆማሉ። ሜትር ሲጠራ ሊሳሳት ይችላል፣ ጣውላው ግን አይሳሳትም። ምሰሶዎቹ የዛገውን ሳጥን ብቻ መደገፍ የለባቸውም፤ ከፊት በፔዳሎቹ ፊት ያለውን ጠንካራ አግዳሚ፣ ከኋላም ከወንበሩ ሥር ያለውን መያዝ አለባቸው። አለዚያ ሳጥኑ ተቆርጦ ሲወጣ ቦዲው በአየር ላይ ይቀራል።

በብየዳው ጊዜ የሚታወስ ነገር ቢኖር የብረት መኮማተር ነው። መጀመሪያ ማዕዘኖቹን ሁሉ በነጥብ ብቻ ማያያዝ፣ ሁለቱን ሰያፎች መለካት፣ እኩል ከሆኑ በኋላ አንዱን ማዕዘን ከበየዱ ወደ ተቃራኒው መሄድ ነው። የአገሩ ሙቀትም አለ። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ያለች ናት፤ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ በፀሐይ የዋለ ብረት ደግሞ ከዚያም በላይ ይግላል። 2.40 ሜትር ቱቦላሬ በ30 ዲግሪ ልዩነት ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጧት የተለካ ቀዳዳ ቀትር ላይ ከብሎኑ ጋር እንቢ ይላል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በርዝመት በኩል ሦስት ሚሊ ሜትር ሞላላ አድርገን በሳናቸው፤ ልኬቱንም ሁልጊዜ በጧት አደረግነው።

ቦዲው ከመነሣቱ በፊት መደረግ ያለበት ሁለት ነገር አለ። የቮልስ የቤንዚን ጋን የሚገኘው ከፊት በኮፋኖው ሥር ነውና በመኪናው አጠገብ የብየዳ ብልጭታ ከመታየቱ በፊት ወጥቶ ከግቢው ይራቅ፤ ባትሪውም ይፈታ። ቀጥሎ በየደጃፉ ከፊተኛው ምሰሶ ወደ ኋለኛው አንድ ብረት፣ ከግራ ደጃፍ ወደ ቀኝም ሁለት ብረት በመስቀል ይበየዳሉ። የደጃፉን ሰያፍ ርዝመት በግድግዳ ላይ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ወረቀት ይጠፋል። በኋላ ሲለካ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ከታየ ሥራው ቆሞ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ማንሣቱ ቀላል ነው። በሮቹ፣ መስተዋቶቹና ወንበሮቹ የወጡለትን ቦዲ ስድስት ሰዎች ያነሡታል፤ ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ቡናው ሳይፈላ ሥራው አልቋል።

በክረምት ግን ጋሪው በጎማው ላይ እንዲቆም አይተው። በአራቱ ማዕዘን ወደ ታች የሚወርድ የማረፊያ እግር ይደረግለትና ከእያንዳንዱ እግር ሥር 25 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ላሜራ ይነጠፍ። ባዶው የቱቦላሬ ጫፍ በዋልካው ላይ ቢያርፍ ያው ሸክም ሃያ አምስት ጊዜ በጠበበ ቦታ ላይ ይጫናል፤ የሰመጠውን በርሜል እዚህ ላይ ያስታውሷል። እግሮቹ ግን አራት ስለሆኑ የትራክተሩ ዘዴ በነርሱ ላይ አይሠራም፤ በየሳምንቱ በውኃ ልክ እየታዩ የሰመጠው በክሪክ ሊነሣ ይገባል።

ሳጥኖቹ ሲለወጡ በአንድ ጊዜ አንዱ ጎን ብቻ ይቆረጣል፤ የግራው ተበይዶ፣ ሰያፉ ተለክቶ፣ ከግድግዳው ጽሑፍ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ወደ ቀኙ ይታለፋል። በደጃፎቹ የተበየዱት ብረቶችም የሚነሡት ቦዲው ወደ ወለሉ ተመልሶ ብሎኖቹ ሁሉ ከጠበቁ በኋላ ነው። ዘመዴ አሁን ሁለተኛ ቮልስ ከጎንደር አስመጥቷል፤ ጋሪው በዳስ ሥር ቆሞ ይጠብቃል፣ የመጀመሪያዪቱ መስተዋት ግን ገና በብርድ ልብስ እንደ ተጠቀለለ ነው።