ዋሽንት በነጠላ ርካሽ፣ በስብስብ ውድ ነው

በደቡብ ወሎ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ከብት የሚጠብቅ እረኛ የዋሽንት ባለቤት ለመሆን ገንዘብ አያስፈልገውም፡፡ ሸምበቆ ቆርጦ አራት ቀዳዳ ከበሳ ይበቃዋል፤ ወጪው ጉልበቱ ነው፡፡

እረኛው አድጎ በዋሽንቱ እንጀራ ልብላ ሲል ግን ሂሳቡ ይለወጣል፡፡ የክራር ክር ይጠብቃል፣ ይላላል፤ የዋሽንት ድምፅ ግን በሸምበቆው ርዝመትና በቀዳዳዎቹ ርቀት የተወሰነ ነው፡፡ ያለ ቦታው የተበሳ ቀዳዳ አይመለስም፡፡ በመሆኑም ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬንና የዚሁ አካባቢ ስም የሆነውን አምባሰልን በየዘፋኙ ድምፅ ልክ የሚያጅብ ባለሙያ አጫጭርና ረጃጅም ዋሽንቶችን በርከት አድርጎ መያዝ ግድ ይለዋል፡፡ ከእነዚህ አንዱ ቢሰነጠቅ የዕለቱ ሥራ ሊስተጓጎል ይችላል፡፡

የገበያው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው፡፡ ሸምበቆው እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም፤ የሚከፈለው ለሠሪው ጆሮ ነው፡፡ ለጌጥ የተሠራውና ለመድረክ የተቃኘው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን ላይለያቸው ይችላል፡፡ ስለዚህ ገዢ የሚያውቅ ሰው ሳያስነፋ ገንዘቡን ባይቆጥር ይመረጣል፡፡ በጌጥ ዋጋ የሚሸጥ ጎበዝ ሠሪም ሸምበቆውን ሸጦ ጆሮውን እየመረቀ መሆኑን ሊያውቀው ይገባል፡፡