መሐል ሰፋሪ፦ የዙፋኑ ጦር በጋይንት ደጃፍ

ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጉና ግርጌ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም በጨጨሆ አድርጎ ወደ ወሎ የሚሻገረው መንገድ የጦር መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ትልቁን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚሁ በኩል ነው። በ1922 ዓ.ም. መጋቢት ወር ደግሞ ሁለት የወገን ጦሮች በዚህ ደጋ፣ አንቺም በተባለ ቦታ ተፋጠጡ። ከምዕራብ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ ከምሥራቅ መሐል ሰፋሪ።

የመሐል ሰፋሪ ስሙ አሰፋፈሩን ይናገራል። ንጉሥ ሲዘምት ድንኳኑ በሰፈሩ እምብርት ይተከላል። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ ከቀኝ፣ ግራ አዝማቹ ከግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራሉ። መሐሉን ይዞ ድንኳኑን ከብቦ የሚያድረው የቤተ መንግሥቱ የራሱ ጦር ነው። የየአውራጃው ዘማች መኳንንቱን ተከትሎ ሲመጣ፣ መሐል ሰፋሪ ግን ጌታው ዙፋኑ ብቻ ነው። ለአገልግሎቱ ማደሪያ መሬትና ገባር ይሰጠው ነበር፤ እህሉን የሚያገባለት፣ ጉልበቱንም የሚገብርለት ያ ገባር ነው። የወታደሩ ክብር በገበሬው ላብ የቆመ መሆኑን ሳያነሡ ስለዚህ ጦር ማውራት ፍትሕ አይሆንም።

መሐል ሰፋሪ ዐድዋ ዘምቷል። በአገልግሎቱ ብዛት ደግሞ በመንግሥት ጉዳይ ድምፅ ያለው ጦር ሆነ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከሻሪዎቹ ጋር ቆመ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ከኢያሱ አባት ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ተዋጋ። በ1910 ዓ.ም. ሚኒስትሮቹ ይነሡልን ብሎ ጠየቀ፤ ከጦር ሚኒስትሩ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ተነሡለት።

የአንቺም ጠብ መነሻው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የዘውዲቱ ምኒልክም ባል ነበሩ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ባልና ሚስት ተለያዩ። በ1921 ዓ.ም. ተፈሪ መኮንን ንጉሥ ተብለው ሥልጣኑ ወደ እርሳቸው ሲያደላ የራስ ጉግሣ ቅሬታ እየከረረ ሄዶ ወደ ጦርነት አመራ። ነገሩን መራራ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ራስ ጉግሣ የንግሥቲቱ ወገን ሆነው ተነሡ፣ ሊወጋቸው የመጣው ጦርም የዘመተው በዚያችው ንግሥት መንግሥት ስም ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በራስ ጉግሣ ግዛት ውስጥ ነበሩ። ከዐድዋ ወዲህ 34 ዓመት አልፎ ነበር፤ ዐድዋ ላይ የበጌምድር ሰውና መሐል ሰፋሪ በአንድ ወገን ተሰልፈው ነበር።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። የዘማቹ ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ መሐል ሰፋሪን እየመሩ ሲቃረቡ፣ ከሰማይ ወረቀት ወረደ። በጳጳሳቱ ስም የወጣ ግዝት ነው፤ ራስ ጉግሣን የሚከተል የተወገዘ ይሁን ይላል። በሁዳዴ ጾም ላይ ላለ አማኝ ወታደር ይህ ከጥይት ያላነሰ ከባድ ነገር ነበር። ወረቀቱን የበተነው አውሮፕላንም ለአገሩ እንግዳ ነው፤ የመጀመሪያው ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። አብራሪው ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር።

ሰኞ መጋቢት 22 ቀን በበጌምድርና በወሎ ወሰን፣ አንቺም ላይ ጦሮቹ ገጠሙ። አሁን ከሰማይ የወረደው ቦምብ ነው። ራስ ጉግሣ ተሸነፉ፤ እዚያው ሲዋጉ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ፤ በማግስቱም ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። የመሐል ሰፋሪ ድል ለአዲሱ ዘመን በር ከፈተ።

ያ ዘመን ለራሱ ለመሐል ሰፋሪ ግን አልበጀውም። ቤልጂጎች ያሠለጠኑት የክብር ዘበኛ ፊት ወጣ፤ በማደሪያ መሬት የሚያድረው አሮጌው ጦር ፊተኛነቱን እየለቀቀ ሄደ። በ1928 ዓ.ም. የካቲት ራስ ሙሉጌታ መሐል ሰፋሪን ይዘው አምባ አራዶም ላይ ጣሊያንን ገጠሙ። በአንቺም አውሮፕላን የረዳው ጦር፣ እዚያ አውሮፕላን ከላዩ ቦምብ አዘነበበት፤ ተበተነ። ራስ ሙሉጌታም ሲያፈገፍጉ ወደቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ማይጨው ላይ የተሸነፉት ልክ አንቺም ላይ ውጊያው በተደረገበት ቀን፣ መጋቢት 22፣ በስድስተኛው ዓመት ነው።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች አንቺም በሌላ አገር የተደረገ ታሪክ አይደለም። የዐድዋ ዘማቾችና ልጆቻቸው እርስ በርስ የተተኳኮሱበት ደጅ ነው። ስናስተምረው ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም እንደ ወገን አንሥተን፣ ለሁለቱም ነፍስ ይማር ብለን ይሁን።